ሊቀ ሻንሲና የመኪናዬ ኮድ

በእያንዳንዱ ከተማ፣ መኪና የገዛ ሰው በመኪናው ደስ ብሎት እንዳይውል የተመደበ አንድ ሰው አለ። ማን እንደመደበው አይታወቅም። ደመወዝ የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ ብዙውን ጊዜ መኪናም የለውም። አዲስ የተገዛ መኪና ግን ገና ሞተሩ ሳይጠፋ ከተፍ ይላል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንድ ጊዜ ይዞረዋል፣ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ያያል፣ ከዚያም ባለቤቱን ስድስት ወር እንቅልፍ የሚነሳ አንድ ነገር ጣል አድርጎ ይሄዳል።

የደብረ ብርሃኑ ተመዳቢ አቶ ዘርአ ዳዊት ኪዳነወልድ የሚባሉ አጭር ሰው ናቸው። እኔ በልቤ «ሊቀ ሻንሲ» የሚል ማዕረግ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ከዚህ በኋላም በማዕረጋቸው እጠራቸዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርተዋል። አባታቸው መሪጌታ ነበሩ፤ ልጃቸው ድጓውን እንዲወርስላቸው ብዙ ደክመዋል። ልጅየው ድጓውን አልወረሱም፤ በቃል የመያዙን ችሎታ ግን ወርሰው መኪና ላይ አዋሉት። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በከተማው የሚንቀሳቀሰውን ተሽከርካሪ ሁሉ በየኮዱ በቃላቸው ይዘውታል። ይህን እንዲያደርጉ የጠየቃቸው ሰው የለም።

ላልደረሰባችሁ ላስረዳ። «ቪትዝ ገዛሁ» ብላችሁ በደስታ ትነግሯቸዋላችሁ። የተበላሸ ወጥ እንደሸተታቸው ሁሉ አፍንጫቸውን ሰብሰብ ያደርጉና «ስሙን ተወው፤ ኮዱን አምጣ» ይላሉ። ኮድ ሲሉ የታርጋውን አይደለም። ሁላችንም መጀመሪያ ያ መስሎን «ኮድ ሁለት ነው» ብለናቸዋል፤ እሳቸውም በሐዘን አይተውናል። እሳቸው የሚሉት ኮድ ከኮፈኑ ሥር፣ ከሞተሩ ጀርባ በተመታች መዳፍ የማታህል ቆርቆሮ ላይ የተጻፈው ነው። እዚያ ላይ ጥቂት ፊደላትና ቁጥሮች አሉ። ለእናንተና ለእኔ ምንም አይሉም። ለሊቀ ሻንሲ ግን ከልደት እስከ ዕለተ ሞት ያለውን ሁሉ ይናገራሉ።

ትምህርታቸውን በነፃ ነው የሚሰጡት፤ ባትፈልጉትም ይሰጣሉ። «ስም ለሻጭ ነው» ይላሉ። «ሁለት ቪትዝ ጎን ለጎን አቁም፤ መንታ ናቸው ትላለህ። አንዷ ኤስ-ሲ-ፒ አሥር ናት፣ ሌላዋ ኤን-ሲ-ፒ አሥር። የመጀመሪያዋ ፊደል ሞተሩን ትነግርሃለች፤ የቀሩት ፊደላት የተወለደችበትን ቤት፣ ቁጥሩ ትውልዷን። የአንዷን ሞተር ዕቃ ለሌላዋ ብትገዛ አይገባም። ያለ ኮድ ዕቃ የሚገዛ ሰው በስልክ ጫማ የሚለካ ሰው ነው።» ይህን ሁሉ የሚሉት ድጓ ቤት እንዳደገ ሰው ቃሉን ጎተት እያደረጉ ነው፤ መሐል ገብቶ «ገባኝ» ማለት አይቻልም።

ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፈን ሦስት ሰዓት ስንቆም፣ ሌላው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ሲያንቀላፋ፣ ሊቀ ሻንሲ ከሰልፉ ጅራት ተነሥተው ወደ ራሱ በእግራቸው ይሄዳሉ። መኪና የላቸውም፤ ለሰልፉ ብቻ ነው የሚመጡት። በየመስኮቱ ጎንበስ እያሉ ምርመራቸውን ያካሂዳሉ። አንድ ቀን አንዱን ባለ ፒካፕ «የአንተ ከወገቡ በላይ የአንድ ቤት ልጅ ነው፤ ከወገቡ በታች ደግሞ የሌላ» አሉት። ሰውዬው ተራው ሊደርስ አምስት መኪና ሲቀረው ከሰልፉ ወጥቶ ሄደ። ነዳጅ ሳይቀዳ ነው የሄደው።

ሰላ ድንጋይ የተደረገ ሠርግ ላይም ነበርሁ። ያ ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ዘር ቆጥረዋል፤ ልጅቷና ልጁ እንደማይዛመዱ ተረጋግጦ ነው ነገሩ ያለቀው። ሊቀ ሻንሲ ግን በአበባ ያጌጡትን ሁለት መኪኖች ሲያዩ አላስቻላቸውም። ሪባኑን ገለል አድርገው ኮፈን ከፈቱ። ከዚያ የሙሽራዋን አባት ከምሳ አስነሥተው «ልጆቹ አይዛመዱም፤ ይህ ፕላትዝና ያ ቪትዝ ግን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ከታች አጥንታቸው አንድ ነው» አሏቸው። የሙሽራዋ አባት ምሥራች ይሁን መርዶ ሊገባቸው አልቻለም፤ «ይሁን» ብለው ወደ ምሳቸው ተመለሱ።

ለቅሶ ቤትስ? እዚያም አሉ። ድንኳን ውስጥ ሬሳው ገና ሳይወጣ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው ሟቹ መኪናውን የሁለት ሺህ አምስት ሥሪት ነው እያለ ሲኖር በዓመት ተሳስቶ እንደነበር ነግረውኛል። «ሳልነግረው ሞተ» ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም አብሬ አዘንሁ፤ ሟቹ ግን ተርፏል ብዬ ነው ያሰብሁት።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከስድስት ዓመት በፊት አንዲት ነጭ ቪትዝ ገዛሁ። ደላላው «ባለ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሲሲ ሞተር ናት» ብሎኛል። እኔም ይህችን ሦስት መቶ የጠየቀኝም ያልጠየቀኝም ሰው እንዲያውቃት አድርጌአለሁ። የአንድ ሺህ ባለቤቶችን በዳገት ላይ ሳልፋቸው በመስታወት አያቸው ነበር።

መኪናዋን እንደገዛሁ በመጀመሪያ የወሰድኋት ጎረቤላ፣ እናቴ ዘንድ ነው። እናቴ ወይዘሮ አሰገደች ከዚያ በፊት የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገልብጦ፣ በተአምር ከተረፈች ወዲህ፣ መኪና የሚባል ነገር አልገባም ብላ ነበር። የእኔን መኪና ዞር ዞር ብላ ዳሰሰችና «ልቧ የት ነው?» አለችኝ። ኮፈኑን ከፍቼ አሳየኋት። ከመቀነቷ የቅዱስ ጊዮርጊስን የሚለጠፍ ሥዕል አወጣችና ለጥ ያለ ንጹሕ ቦታ ፈለገች። ከዚያ ሁሉ ዘይትና ሽቦ መሐል ለጥ ያለችው ያቺ ቆርቆሮ ብቻ ነበረች። ሰማዕቱ ከነፈረሱ፣ ከነዘንዶው ልክክ አለባት። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ይህችን መኪና ብቻ ትሳፈራለች፤ ሰማዕቱ የሌለበት ሌላ መኪና በልመናም አትገባም።

ሊቀ ሻንሲ በማግሥቱ መጥተው ኮፈን ሲያስከፍቱ ከሰማዕቱ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። አፋቸው ተከፈተ። ኮፈኑን ቀስ ብለው መለሱትና ሄዱ። ስድስት ዓመት ሙሉ ባገኙኝ ቁጥር ግን «መምህር፣ ያንተይቱ ኮዷ አልታወቀም» ይሉኛል። «አንድ ሺህ ሦስት መቶ ናት» እላቸዋለሁ። «እሱ የደላላው ነው» ይሉኛል። ልጄን ክርስትና አላነሣህም የተባልሁ ያህል ያናድደኝ ነበር።

ከሦስት ዓመት ወዲህ የእናቴ ዓይን በሞራ ተሸፍኗል። በቅርቡ ደግሞ የዓይን ሐኪሞች ለሦስት ቀን ደብረ ብርሃን መጥተው በነፃ ሞራ እንደሚገፍፉ ተነገረ። አስመዘገብሁ፤ የእናቴ ተራ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ይህ ካለፈ ሌላው መቼ እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ ሌላ ጊዜ የሚባለውን ነገር ብዙ አታምንበትም።

እሑድ ዕለት መኪናዋ በትንሽ ዳገት ላይ ፈላች። መካኒኩ ይስማው አይቶ የውሃ ፓምፑ አልቋል አለ። ሃያ ዓመት ያለፈው ፓምፕ ቢያልቅ አይፈረድበትም። ከጎረቤላ ወደ ደብረ ብርሃን የሚያወጣውን ዳገት ግን ያለ ፓምፕ መውጣት አይታሰብም።

ወዲያው አዲስ አበባ ደወልሁና የተማረ ሰው እንደሚያዝ አዘዝሁ። ሥሪቷን ነገርሁ፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ መሆኗን ሁለት ጊዜ ነገርሁ፣ ነጭ መሆኗንም ነገርሁ። ሰኞ ፓምፑ መጣ። ይስማው ገጠመው፤ የብሎኑ ቀዳዳ እንኳ አልተገናኘም። ሌላ ሱቅ ደወልሁ። የአሮጌውን ፎቶ ላክሁላቸው፤ «አለ» አሉኝ። እነዚያ ሰዎች የኖኅን መርከብ መሪ ብትጠይቋቸውም «አለ» ነው የሚሉት። ማክሰኞ ሁለተኛው መጣ። ይስማው ፓምፑን በአንድ እጁ፣ አሮጌውን በሌላ እጁ ይዞ ካነጻጸረ በኋላ ሁለቱንም መሬት ላይ አስቀመጠ። ሊብሬው ላይ ኮዱ ይኖር ነበር፤ የእኔ ሊብሬ ግን ካቻምና ከሱሪዬ ጋር ታጥቧል።

እንግዲህ ጠላቴ ቤት መሄድ ግድ ሆነ። ሊቀ ሻንሲ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ደስታቸውን ለመደበቅ ያደረጉት ጥረት አልተሳካላቸውም። «ሁለት ፓምፕ ገዛህ» አሉ። «አዎን።» «ያለ ኮድ።» «አዎን።» ጋቢያቸውን አንሥተው ተከተሉኝ።

ጋራዡ ውስጥ ሦስታችንም ሰማዕቱን ከበን ቆምን። ኮዱ ከሥሩ ነው። ይስማው አማተበና «እኔ እጄን አልዘረጋም» አለ። ወደ ሊቀ ሻንሲ ዞርሁ፤ እሳቸው ጫማቸውን ያያሉ። «ድንቄም» ብዬ እኔው ጥፍሬን ወደ ሥዕሉ ጫፍ ሰደድሁ። የምድርን መዞር ለልጆች የማስተምር ሰው ነኝ። እጄ ግን መንገድ ላይ ቆመ፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሄድም አለ። ለነፍስ አባቴ ደወልሁ። የለጠፈውን ሰው አስፈቅድ አሉኝ።

እናቴ ዘንድ ደወልሁ። ነገሩን ሰምታ «ሰማዕቱን የሚያነሣው ሰው ማን ነው?» አለች። ስልኩን ለሊቀ ሻንሲ አቀበልሁና ድምፁን ከፍ አደረግሁት። እሳቸው ቆመው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ተናገሩ።

«የማን ልጅ ነህ?» አለቻቸው እናቴ።

«የመሪጌታ ኪዳነወልድ።»

«መሪጌታ ኪዳነወልድስ የማን ልጅ ናቸው?»

«የአለቃ ገብረመንፈስቅዱስ።»

«የእሳቸው እናት?»

«ወለተ ጊዮርጊስ ይባሉ ነበር፤ የአንኮበር ሰው ናቸው።»

እናቴ በስልኩ ውስጥ ስትቆጥር ይሰማናል። ኮድ እያሉ አገሩን ሁሉ የሚያስጨንቁት ሰው ፍርዳቸውን ይጠብቃሉ። በመጨረሻም «ወለተ ጊዮርጊስ የአያቴ ታናሽ እኅት ናት» አለች። «የቤት ሰው ነህ። ለብ ባለ ውሃ አንሣው፤ ፊቱን እንዳትነካ።»

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ጨርቁን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እየነከሩ፣ ጠርዙን በትንሹ እያራሱ፣ አንዴ ከፈረሱ ጅራት አንዴ ከዘንዶው በኩል እየገፉ፣ ሥዕሉን አንድም ቦታ ሳይቀደድ አነሡት። ይስማው በንጹሕ ፎጣ ተቀበለው። ሊቀ ሻንሲ መነጽራቸውን አድርገው ቆርቆሮዋን አነበቡ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም፤ ይቅርም አልላቸውም።

«ኤስ-ሲ-ፒ አሥር» አሉ። «አንድ ሺህ ናት፣ መምህር። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሺህ ነበረች።»

ይስማው ሳቁን ለመዋጥ ወደ ጓዳ ገባ። እኔ በዳገት ላይ በመስታወት ያየኋቸው ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ ፊቴ መጡ። ሊቀ ሻንሲ አዲስ አበባ ለሚያውቁት ሰው ደወሉ፤ ሥሪት አላሉ፣ ቀለም አላሉ፣ ሦስት ፊደልና አንድ ቁጥር ተናግረው ዘጉ። ረቡዕ ጠዋት በአውቶቡስ የመጣው ፓምፕ በሃያ ደቂቃ ገባ። ሰማዕቱን ራሳቸው መልሰው ለጠፉት፤ ኮዱን ግን በደማቅ ቀለም ኮፈኑ ውስጥ ጽፈውልኝ ነው። ከፊደላቱ አጠገብ «አንድ ሺህ» ብለው መጻፍ ምን ያስፈልግ ነበር?

ሐሙስ ጠዋት ልነሣ ስል ሊቀ ሻንሲን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወይዘሮ አሰገደች ዘመዴ ናቸው፤ ሄጄ ልቀበላቸው ይገባል አሉ። እስከ ጎረቤላ ድረስ አንድም መኪና ሳይነገርበት አላለፈም። ጥርሴን ነክሼ ነዳሁ። ጎረቤላ ስንደርስ እናቴ ኮፈኑን ዳስሳ፣ ሰማዕቱ በቦታው መሆኑን ጠይቃ፣ ከፊት ተቀመጠች። ሊቀ ሻንሲም ገና ከጎረቤላ ሳንወጣ ኮድ መቁጠር ጀመሩ። በቃዎት ልላቸው አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«አሁን ያለፈን ምንድን ነው?» አለች።

«ሚኒባስ ነው እናቴ፤ ነጭ። ኤል-ኤች ነው፣ የኤች ቤት ልጅ። ጣሪያው ላይ አራት በግና አንድ አልጋ ጭኗል።»

«አልጋው አዲስ ነው?»

«አዲስ ነው። ፍራሹም ከነላስቲኩ ነው።»

«እንግዲያው ጎጆ የሚወጣ ልጅ አለ» አለችና አሰብ አደረገች። «ይሄ ከኋላችን የሚያጓራውስ?»

«የጭነት ነው፤ ጭድ ጭኖ። ትውልዱ አሮጌ ነው፤ አባቱንም አውቀዋለሁ።»

«ጭዱ የገብስ ነው የስንዴ?»

ሊቀ ሻንሲ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ብርዱ እየገረፋቸው መኪናው እስኪያልፈን ጠበቁ። «የገብስ ነው» አሉ ሲመለሱ። እናቴ ሳቀች። ዳገቱን ስንወጣ ማን ከማን እንደሚወለድ፣ የትኛው የየትኛው አጎት እንደሆነ እየጠየቀች፣ እሳቸው እየመለሱ፣ ከመኪና ወደ ጫኝ፣ ከጫኝ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ማሳ እየተሻገሩ ሄዱ። የትኛው ማሳ እንደታጨደ፣ የትኛው እንደቀረ ነገሯት። አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ሲያዩም ነገሯት።

እናቴን ዓይኗ ከደከመ ወዲህ በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ አመላልሻታለሁ። ሬዲዮ እከፍትላት ነበር። ውጭ ምን እንዳለ አንድ ቀን ነግሬያት አላውቅም፤ ስለማታይ ማወቅም የማትፈልግ መስሎኝ ነበር። እሷም አልጠየቀችኝም። መሪውን እንደጨበጥሁ አፈርሁ። ከልማድ የከፈትሁትን ሬዲዮ ዘጋሁት።

በሰዓቱ ደረስን። ሞራው ተገፈፈ። ዓርብ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ስታነሣ እኔ አልጋው ጎን ነበርሁ፤ ሊቀ ሻንሲ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ነርሷ ጣት አሳየቻት፤ እናቴ ሁለት አለች። እኔን አየችና ከስተሃል አለችኝ። ከዚያ ወደ በሩ ዞራ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተች።

«ዘርአ ዳዊት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እናቴ።»

«መኪናው ውስጥ ድምፅህን ስሰማ ረጅም ሰው መስለኸኝ ነበር» አለች።

አቶ ዘርአ ዳዊት ፈገግ ብለው ወደ ጫማቸው አቀረቀሩ። ስድስት ዓመት ሙሉ እኚህን ሰው ስሰድብ ኖሬአለሁ፤ እዚህም ስሰድባቸው ነው የቆየሁት። ያን ጊዜ ግን፣ እናቴም ብትሆን፣ ሌላ ሰው ሲያሳንሳቸው መስማት አልቻልሁም።

«ረጅም ናቸው እማዬ» አልኋት። «ደህና አድርገሽ እያቸው።»